እህቴ በክትባቱ ቀን

ታላቅ እህቴ ዕድሜዋን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስትሰፋ የኖረች ናት። ካረጠች ከዓመታት በኋላ ደም ሲፈሳት "ኮረዳነቴ ተመለሰልኝ" ብላ ቀለደች፤ ሐኪም ቤት የሄደችው የማኅፀን በር ካንሰሩ ከተስፋፋ በኋላ ነው።

በልጅ ልጇ ትምህርት ቤት የዚሁ ካንሰር መከላከያ ክትባት ሲሰጥ አብረን ሄድን። ልጅቷ ተወግታ "ቁንጥጫ ነው እኮ፣ አያቴ!" እያለች ስትስቅ፣ እህቴ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ እጅጌዋን ሰበሰበች።

"በይ እንግዲህ እኔንም ውጊኝ፣ ልጄ።"

ነርሷ መርፌውን አስቀምጣ አጠገቧ በርከክ አለች። "እማማ፣ ይሄ ሳይዝ በፊት የሚከላከል ነው እንጂ የያዘውን አያድንም።"

"ትንሽ እንኳን?"

"ትንሽም እንኳን፣ እናቴ።"

ከኋላ የተሰለፉት ልጃገረዶች ተራቸውን ይጠብቁ ነበር። እህቴ ከወንበሩ አልተነሳችም፤ እኔም ተነሺ ማለት አቃተኝ።