ደብሪቱና የስድስተኛ ክፍል ፈተና

ደብሪቱ አዲስ አበባን መጀመሪያ ያየችው ከቡሬ ዛላ በርበሬ በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ ነው። መኪናው በርበሬ በረንዳ ገበያ ሲደርስ ጭነቱም እሷም ወረዱ። ጭነቱ በሳምንቱ ተሸጦ አለቀ፣ እሷ ግን እዚያው ቀረች። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጋሼ ኸይረዲን መጋዘን ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ዛላ ትቀነጥሳለች።

ሥራው ለሚያየው ቀላል ነው። የዛላውን ጭራ መቀንጠስ፣ ነጭ ነጩን ከቀዩ መለየት፣ ማስነጠስ፣ እንደገና መቀንጠስ። ችግሩ እጅ ላይ ነው። የበርበሬ ቀንጣሽ እጅ በሳሙና ብቻ አይጠራም፤ መጀመሪያ ዘይት ተቀብቶ መታሸት አለበት። ይህን ያልሰማ አዲስ ሰው አንድ ቀን ዓይኑን ይነካና ለዘለዓለሙ ይማራል። ደብሪቱም የተማረችው እንደዚያው ነው። ስለዚህ ልጇ ሎዛ ከተወለደች ጀምሮ በቤታቸው አንድ ሕግ ነበር። ማታ ከሥራ ስትገባ ልጅቷ ሮጣ ትመጣለች፣ እናት እጇን ወደ ኋላ ደብቃ ጉንጯን ብቻ ትሰጣለች። ዘይቱም ሳሙናውም ሲያበቃ ነው እቅፍ አድርጋ የምታገላብጣት። ሁለቱም ቀኑን ሙሉ የሚጠብቁት ያችን ሰዓት ነበር።

አባትየው ልጅቷ ሳትወለድ ወጥቶ የቀረ ነው፤ ስለሱ ይብቃ።

ደብሪቱ ራሷ ከሁለተኛ ክፍል አላለፈችም። ሎዛ ግን ጎበዝ ወጣችላት፤ ከክፍሏ ሦስተኛ ነበረች። እናትየው ምኞቷን ለማንም አትደብቅም ነበር። ልጄ ይቺን በርጩማ አትወርሳትም ትላለች፤ ቀንጣሾቹ ሁሉ ሰልችቷቸው እስኪስቁባት ድረስ። ይህ ሁሉ ምኞት ደግሞ ሎዛ ስድስተኛ በደረሰችበት ዓመት ከተማው በሙሉ በአንድ ቀን በሚፈተነው የስድስተኛ ክፍል ፈተና ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሃምሳ ያላመጣ ሰባተኛ አይገባም።

ለፈተናው ዕለት ጠዋት ደብሪቱ ፈቃድ ጠይቃ ነበር። ጋሼ ኸይረዲን ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን የዚያን ዕለት ጭነት ይገባባቸው ነበር። «ነጋ ሲል መጥተሽ አንድ ሁለት ኬሻ ቀንጥሽልኝና ሂጂ» አሏት። እሺ አለች። ሥራውን ስትጨርስ ሰዓቱ ሄዷል፤ በመጋዘኑ ቧንቧ እጇን በሳሙና ፈትጋ አማኑኤል ወዳለው ቤቷ በረረች። ሎዛ ዩኒፎርሟን ለብሳ ደጃፍ ላይ ቆማ ነበር። የዘይቱ ጠርሙስ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ኋላ ነው። ማን ትዝ ይበለው? ሁለቱም እየተጣደፉ ወጡ።

ፈተናው የሚሰጥበት ትምህርት ቤት በር ላይ ልጅቷ ድንገት እንባዋ መጣ።

«እማ፣ ሁሉም ነገር ጠፋብኝ።»

«አይዞሽ የኔ ዓለም። ወረቀቱን ስታዪው ይመጣልሻል» አለቻትና ደብሪቱ በሁለት አውራ ጣቶቿ እንባዋን ጠራረገችላት። ዘበኛው ግቡ ሲል ሎዛ ሮጣ ሰልፉ ውስጥ ገባች። እናትም ወደ በርጩማዋ ተመልሳ፣ ስትቀነጥስ ስትጸልይ ዋለች።

ውጤቱ ሐምሌ ላይ መጣ። ጎረቤቷ እታገኝ በስልኳ ከፍታ አየችላትና ስልኩን አቀበለቻት። አማካዩ አርባ ሰባት። ሌላው ሁሉ ደህና ነው፤ የጠዋቱ ሒሳብ ሃያ አንድ ነበር።

ደብሪቱ የዚያን ቀን የተናገረችው ዛሬም ድረስ ያንገበግባታል። «እኔ ሳንባዬን ስጨርስልሽ አንቺ ስትጫወቺ ከረምሽ! እንግዲያው ነይና አብረሽኝ ቀንጥሺ!» ሎዛ አንገቷን ደፍታ ሰማች።

በሳምንቱ ንዴቷ በረድ ሲል ነገሩ አልዋጥልሽ አላት። ሦስተኛ የወጣች ልጅ እንዴት ትወድቃለች? የክፍል ኃላፊዋን ቲቸር ካሚላን ፍለጋ ትምህርት ቤት ሄደች። በፈተናው ዕለት መፈተኛው ግቢ ውስጥ ልጆቹን ስትከታተል የዋለችው እሷ ናት።

«አልነገረችዎትም እንዴ እትዬ ደብሪቱ?» አለች ቲቸር ካሚላ። «ፈተናው እንደተጀመረ ዓይኗ ተቃጠለ። ፈታኞቹ አስወጥተውልኝ ቧንቧ ሥር ያጠብኳት እኔ ነኝ። ስትመለስ ሰዓቱ ሊያልቅ ነበር፤ የመልስ ወረቀቷም በእንባ ርሶ ነበር። ቁርስ ላይ ድልህ ነክቼ ነው አለችኝ።»

ደብሪቱ ክው አለች። የዚያን ዕለት ቁርስ ዳቦና ሻይ ነበር። ቤታቸው ውስጥም ድልህ አልነበረም። መምህርቷ አሟት ይሆን ብላ ወንበር አቀረበችላት፤ አልተቀመጠችም።

ቤት ስትደርስ ሎዛ ልብስ እያጠበች ነበር። ደብሪቱ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለች።

«እኔ ነኝ አይደል? በዚህ እጄ?»

ልጅቷ ልብሱን ማሸቷን ቀጠለች።

«ለምን አልነገርሽኝም? ያን ሁሉ ስድብ ስሰድብሽ እንኳ ለምን?»

«ብነግርሽ ዳግመኛ አትነኪኝማ» አለች ሎዛ።

«እነካሻለሁ እንጂ! ምን ማለትሽ ነው?» አለች ደብሪቱ፤ እንባዋ ግን ቀደማት።

ልጅቷ እናቷን ታውቃታለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብሪቱ ከሥራ ስትገባ እጇን ሁለት ጊዜ በዘይት፣ ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥባለች፤ ታጥባም ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። መስከረም ላይ፣ ሎዛ ስድስተኛን ልትደግም በምትጀምርበት ዋዜማ፣ ማበጠሪያ ይዛ መጥታ እናቷ እግር ሥር ተቀመጠች። ደብሪቱ ማበጠሪያውን ተቀበለች። ጥቂት ይዛው ቆየችና መልሳ ሰጠቻት።

«እታገኝ ትሥራሽ» አለቻት። «የሷ እጅ ንጹሕ ነው።»

ሎዛ ተነስታ ሄደች።