የሚረጋው ዘይትና ሲስተር ዘሃራ

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ተሳፍሬ ገርጂ ስወርድ፣ ታክሲው ካቆመበት አጠገብ አንድ ሰው ድንች ይጠብስ ነበር። ዘይቱ ስንት ጊዜ ተመላልሶ እንደተቃጠለ ሽታው ራሱ ይናገራል። ሰው ሁሉ ይገዛል፣ ቆሞም ይበላል። እኔ ግን አፍንጫዬን ይዤ አለፍኩ። ይህ ሽታ ከልጅነቴ ጀምሮ ያስፈራኛል፤ ፍርሃቱን ያስለመደችኝ ደግሞ ሲስተር ዘሃራ ናት።

ሲስተር ዘሃራ የሰፈራችን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ነበረች። ወሎዬ ናት፣ ቀጠን ያለች፣ ሻሿን ከአገጯ ሥር በስፒል የምታያይዝ። የደም ግፊት መለኪያዋን በሰማያዊ ቦርሳ አንግታ የኮንዶሚኒየማችንን በር ሁሉ ታንኳኳለች። እኛ ልጆች እንደ ጅብ ነበር የምንፈራት። ምክንያቱም ከእኛ በታች የሚኖሩት እትዬ አስካለ በእሷ በተለኩ በሳምንቱ ወድቀው ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ አላቸው። ሐኪም ቤት ይሂዱ ብላቸው እምቢ ማለታቸውን ማን ለልጅ ይነግራል? ጥፋቱን መለኪያው ላይ ጣልነው። የመለኪያው ጨርቅ ማጣበቂያ ጠርርር ብሎ ሲላቀቅ ከሰማን ደረጃውን በሩጫ ነበር የምንወጣው። አዋቂዎቹም ከእኛ ብዙ አይሻሉም፤ መምጣቷን ሲያዩ በራቸውን ቀስ አድርገው ይዘጋሉ።

አባዬ አውሮፕላን ማረፊያው ዕቃ ማራገፊያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ወፍራም፣ ሐኪም ቤት የሚሄደው የታመመ ሊጠይቅ ብቻ ነው። ጾም አይሽርም። ሁዳዴ ሲገባ ታዲያ እማዬ ታዝንለታለች፤ ቅቤው ቀረበት፣ ሥጋው ቀረበት ብላ ሽሮው ላይ ዘይቱን እጥፍ ታደርገዋለች። ቀይ ሥሩም፣ ድንቹም፣ ምስር ሳንቡሳውም በዘይት ይዋኛል። ዘይቱ ከሸማቾች ማኅበር የሚመጣው በቢጫ ጀሪካን ያለው ነበር። ጠዋት በብርዱ እንደ ሞራ ነጭ ሆኖ ይረጋና አልቀዳ ስለሚል፣ እማዬ ጀሪካኑን በረንዳ ላይ አውጥታ ፀሐይ ታሞቀዋለች። ሰፈሩ በሙሉ እንዲሁ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በየበረንዳው ቢጫ ጀሪካን ይታያል።

አንድ ቅዳሜ የግቢው ሰው ስለ ውሃ ሊነጋገር ተሰብስቦ ሳለ ሲስተር ዘሃራ ለመናገር ፈቃድ ጠየቀች። ከአንዱ ጀሪካን በማንኪያ የዛቀችውን ሰሃን ላይ አድርጋ አሳየች፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆሟል።

"ይሄ የልብ ጠላት ነው" አለች። "ሸማቾች የሚያመጡልን ይሄን ብቻ ነው። በአንድ ድምፅ ብትጠይቋቸው የማይረጋውን ያመጣሉ። አንድ ቤት ብቻውን ቢጠነቀቅ ምን ይሆናል? ሰፈሩ የሚበላው የመጣለትን ነው።"

አባዬ ቅር አለው። "ልጄ፣ እኛ ጾም ላይ ነን። ቅባት ከቀመስን ስንት ጊዜያችን። ሰው በጾም ምግብ ልቡን ይታመማል ልትዪን ነው?"

"ስለ ጾሙ እኔ ምን አገባኝ ጋሼ" አለች አንገቷን ሰበር አድርጋ። "እኛም የረመዳን ሳንቡሳችንን የምንጠብሰው በዚሁ ነው። ቅቤ አይደለም ብለን ተዘናጋን እንጂ፣ ልባችን እንደሆነ አንድ ነው።"

ሰዉ ሳቀና ወደ ውሃው ጉዳይ ተመለሰ። እኔ ግን ከማንኪያው ላይ ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። ከዚያ ቀን በኋላ አባዬ በጎረሰ ቁጥር ያ ነጭ ነገር ደረቱ ውስጥ ሲረጋ ይታየኝ ጀመር። ሥራ በማይገባበት አንድ ጠዋት እጁን ጎትቼ በረንዳ ላይ ጀሪካኑ አጠገብ አስቀመጥኩት።

"ምን ሆነሻል ሚጣዬ?"

"ፀሐይ ሙቅ። እንዳይረጋብህ።"

መጀመሪያ ሳቀ። ፊቴን ሲያየው ሳቁን ተወው። ፀሐዩ እስኪከር ድረስ አብሮኝ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ልቀበለው ደረጃውን ወረድኩ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ሲስተር ዘሃራ ከላይ ስትወርድ አየችውና ደረጃው ላይ አስቀመጠችው። መለኪያውን ስታወጣ እጇን በሁለት እጄ ያዝኩት።

"አትለኪው" አልኳት። ከለካችው ይሞታል ብዬ ነበር የማምነው።

"አብሽሪ የኔ እናት። ይሄ በሽታ አያመጣም፤ ያለውን ነው የሚናገር።"

ለካችው። ሌላኛውን ክንዱንም ለካች። "ጋሼ፣ አሁኑኑ እንሄዳለን" አለችው። አባዬ ልብሴን ልቀይር ብሎ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዛ መለሰችው። ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው አወረዱት፤ እማዬ ነጠላዋን እያዘቀዘቀች ተከተለች። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

አባዬ ተረፈ። ከስቶና መድኃኒት ይዞ ተመለሰ። ሐኪሙ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ንግግሩን እንዳልጨረሰው እማዬ ዛሬም ታወራለች። በሚቀጥለው የግቢ ስብሰባ መጀመሪያ እጁን ያወጣው አባዬ ነበር፤ የማይረጋው ዘይት እንዲመጣ በግቢው ስም ሸማቾች ድረስ ሄዶ ተከራከረ። ዘይቱ አንዳንዴ ይመጣል፣ አንዳንዴ ይጠፋል። በጠፋ ጊዜ እማዬ በውሃ ታቁላላለች። ሲስተር ዘሃራ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረች፤ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። በቴሌቪዥን በምግብ ውስጥ ስላለ ቅባት ሕግና ቁጥጥር ሲወራ በሰማሁ ቁጥር ያቺ ማንኪያ የያዘች ሴት ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች።

አባዬ አሁን ሸምግሏል። እሁድ እሁድ ግፊቱን የምለካው እኔ ነኝ። ባለፈው እሁድ፣ እንዲያው ደፈር ብዬ፣ "ያን ቀን ደረጃው ላይ ፈርተህ ነበር?" አልኩት። በሕይወቱ ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም።

"አሁንም እፈራለሁ" አለኝና፣ ሳልጠይቀው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ዘረጋልኝ።