ዳማው ደጃፋችን ላይ የቆመ ቀን

ሬዲዮው «ለኑሮ ውድነቱ ልጓም ሊበጅለት ነው» ባለ ቁጥር ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ። ሌላው ሰው የሽንኩርት ዋጋ ያስባል፤ እኔ የመንዝ ውርጭና ውርጭ ያደረበት ብረት ትዝ ይለኛል። ለእኔ ልጓም ማለት እሱ ነው፤ ሌላው ወሬ ነው።

ልጅ ሆኜ ከአባቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበር የምንኖረው፤ እናቴን አላውቃትም። አባቴ ብዙ ማውራት አይወዱም። ዳማ ፈረስ ነበራቸው። መሐል ሜዳ ገበያ ሊሄዱ ሲሉ ልጓሙን ለእኔ ይሰጡኛል፤ ብረቱን ብብቴ ሥር ከትቼ እየተንዘፈዘፍኩ አሞቀዋለሁ። «አንቺን ብርዱ ካስጠላሽ እሱስ አፍ የለውም?» ይሉኝ ነበር። ሲሞቅለት ዳማው አንገቱን ዝቅ አድርጎ ራሱ ይጎርሰዋል። ከዚያ አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው እስኪወጡ ደጃፍ ላይ ይዤው እቆማለሁ። የላቡና የጭዱ ሽታ እስካሁን ካፍንጫዬ አልጠፋም።

አባቴን ሳምባ ምች አጣድፎ ገደላቸው። በአገራችን ደንብ ባለፈረስ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻ ተጭኖ፣ ተለጉሞ፣ ለቅሶው መሃል ይዞራል። ፈረሱ ካልዞረ በወጉ ተለቀሰለት አይባልም። ቀየት ከሚባል አገር የመጡት አጎቴ ሊለጉሙት ቢሉ ዳማው ጥርሱን ገጥሞ እምቢ አለ። ሁለት ጎረምሶች ቢይዙትም አንዱን ረገጠው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ።

«በቃ ተዉት፤ ያለ ፈረስ ይለቀስ» አሉ አጎቴ።

እኔን ማን ይየኝ፤ ከአሮጊቶቹ ኋላ ኩርምት ብያለሁ። ይህን ስሰማ ተነስቼ ልጓሙን ከአጎቴ እጅ ወሰድኩና ብብቴ ሥር ከተትኩት።

«ደግሞ ሴት ልጅ ፈረስ ልታዞር ነው?» አለ አንዱ።

«ተዋት እባክህ፤ ከእሷ ሌላ ማን አለው?» አሉት ጎረቤታችን እትዬ በለጡ።

ዳማው ጎረሰልኝ። ባዶ ኮርቻውን ተሸክሞ ተከተለኝ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ። እኔ አላለቀስኩም፤ እንዲያውም ኩራት ኩራት ብሎኝ ነበር። በቤታችን ደጃፍ ስናልፍ ግን ቀጥ ብሎ ቆመ። ብጎትተው አልነቃነቅም አለ። ጆሮውን ወደ በሩ አቁሞ አባቴ እስኪወጡ ይጠብቃል። እኔም አብሬው ጠበቅኩ፤ ልጅ ነኝና የሚወጡ መሰለኝ። ሳይወጡ ሲቀሩ ነው አባት እንደሌለኝ የገባኝ።

ከለቅሶው በኋላ ዳማውን አጎቴ ወደ ቀየት ወሰዱት፤ እኔን መሐል ሜዳ ላለች ዘመድ ሰጡኝ። ዳግመኛ አልተያየንም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ብቻዬን ነው የምኖረው። የአሁን ለቅሶ ድንኳን ነው፣ የፕላስቲክ ወንበር ነው፣ ትልቅ ፎቶ ነው። ሰዉ ስልኩን እየነካካ ያጽናናል፤ አልፈርድበትም፣ ኑሮ ነው። ብቻ ከለቅሶ ተመልሼ የኪራይ ቤቴን ቁልፍ ሳዞር በሩ ላይ ቆም እላለሁ። አባቴ ድሃ ነበሩ፤ ግን መሞታቸውን አላምንም ብሎ ደጃፋቸው ላይ የቆመላቸው ነበር። እኔ አንድ ጠዋት ከዚህ በር ሳልወጣ ብቀር፣ ትወጣለች ብሎ የሚጠብቀኝ ማን ነው?