ማር ውክልና አያውቅም

ወንድሜ ስንሻው ከቆሰበር በመጣ ቁጥር የሚያመጣልኝን ማር ክዳኑን ስከፍት፣ ያ ሰምና ጢስ የተቀላቀለበት ሽታ ገና አፍንጫዬን ሲነካኝ ብቻዬን መሳቅ እጀምራለሁ። ልጆቼ «እማዬን ደግሞ ማር ያሰክራታል» እያሉ ይሳለቁብኛል፤ እኔ ግን የሚታየኝ የአባቴ አውራ ጣት ነው።

አባቴ በቆሰበር ገበያ ዳር የልብስ ስፌት መኪና ነበረው። ከጓሯችን ያለችውን ክፍል ተከራይታ ትኖር የነበረች፣ አገሯንም ዘመዷንም ለማንም ያልተናገረች አንዲት ሴት፣ ስንሻውን በወለደች በሳምንቱ ሞተችና ሕፃኑ እኛ እጅ ቀረ። እናቴ በላም ወተት ታሳድገው ጀመር፤ የእኔም ጀርባ ለእሱ ተመደበ። ጥቂት ወራት ቆይቶ የመንገድ ሥራው መሐንዲስ፣ እኛ ሚስተር ጳውሎስ የምንለው ፈረንጅ፣ ከሚስቱ ከማዳም ኤልሳ ጋር መጋረጃ ሊያሰፋ መጣ። ልጅ አልነበራቸውም። ማዳም ስንሻውን ከጀርባዬ አውርዳ ስታቅፈው እሱ አፍንጫዋን ጨምድዶ ያዘና አልለቅም አለ፤ መጋረጃውም በዚያው ተረሳ። ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሰው መጥተው ወደ አገራችን ወስደን እናሳድገው ሲሉ፣ አባቴ «እኔስ በመርፌ ቀዳዳ የማሳድጋቸው ሞልተውኛል፤ ይውሰዱት፣ ይማር» አላቸው። እናቴ ወደ ጓዳ ገብታ የታጠበውን ዕቃ እንደገና ታጥብ ጀመር።

መስከረም ጠብቶ መንገዱ ሲደርቅ የወረቀቱ ጉዳይ ተጀመረ። ሚስተር ጳውሎስ ሥራው አላንቀሳቅስ ስላለው፣ ጉዳዩን ተከታትሎ እንዲያስፈጽምለት ለአባቴ ማኅተም ያረፈበት ውክልና ሰጠው። ከዚያ ቀን ወዲያ አባቴ አረማመዱ ሳይቀር ተለወጠ፤ ውክልናውን በጨርቅ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ይዞ ቤተ ክርስቲያን ይስም፣ ለቅሶ ይደርስ ነበር። በጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ዳንግላ ሲደርስ ግን አንድ ቀን አለቃው ለቅሶ ሄደዋል ይባላል፣ ሌላ ቀን ማኅተሙ ተቆልፎበታል፣ ቁልፍ የያዘውም ሰው ጫግኒ ወርዷል ይባላል። ወረቀቱ ከዳንግላ ደብረ ማርቆስ፣ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ሄዶ፣ አንድ ፊርማ ጎድሎታል ተብሎ ተመልሶ ዳንግላ ይመጣ ነበር። «ከእኔ ይልቅ ወረቀቱ አገር አየ» ይል ነበር አባቴ አቧራውን እያራገፈ። እኔ ደግሞ ማታ ማታ ወረቀቱ እንዲጠፋ አጥብቄ እጸልይ ነበር።

በጋውን ያሳለፍነው ስንሻውን በመሸኘት ነው። አለቀ የሚል ወሬ በመጣ ቁጥር እናቴ ድፎ ትደፋለች፣ የልጁ ጠጉር ይላጫል፣ ማዳም ለጉዞው የሠራችለትን የሱፍ ልብስ ይለብሳል፣ ጎረቤት ተሰብስቦ መርቆና አልቅሶ ይሸኘዋል፤ በማግስቱ ግን አላለቀም ይባልና ስንሻው ወደ ጀርባዬ ይመለሳል። ጎረቤታችን እትዬ ጥሩወርቅ፣ ለቅሶ የሚያምርባቸው ሴት፣ በመጨረሻ «ወይ ይሂድ፣ ወይ እንባዬን መልሱልኝ!» ብለው ተቆጡ። የሱፍ ልብሱም ጠበበ። አባቴ ጎኑን በካኪ፣ እጅጌውን ከመጋረጃው በተረፈ ጨርቅ እየቀጠለ ሲያሰፋው፣ ልብሱ ከልጁ እኩል ያድግ ነበር።

ክረምቱ ሲገባ አያ ፈንታ መጡ። አያ ፈንታ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ቀፎ የሚሰቅሉ፣ በአማርኛ ጀምረው ሲናደዱ በአውንጊ የሚጨርሱ ሽማግሌ ነበሩ። ነገሩን ሰምተው ተገረሙ። «ለልጅ ወረቀት ምን ያደርግለታል? ሰውየው አውራ ጣቱን ማር ነክሮ በሽማግሌ ፊት ያጥባው፤ የጡት ልጁ ይሆናል፣ አለቀ» አሉ። ሚስተር ጳውሎስም ሲነገረው ደስ ብሎት ቀን ተቆረጠ።

የዚያን ቀን ሽማግሌዎቹ በጠዋት መጥተው ተቀመጡ፣ ጠላው ቀረበ፣ ማሩ በጣባ ተቀመጠ፤ ዝናቡ ግን ሳያባራ ዋለ። ከሰዓት በኋላ አንድ መልእክተኛ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ደረሰና፣ መሐንዲሱ ራሱ በሚሠራው መንገድ ላይ መኪናው ተቀርቅሮ እንደቀረ ነገረን። ስንሻው ማሩን አይቶ ቤቱን በለቅሶ አናግቶታል። ይሄኔ አባቴ፣ ዓመቱን ሙሉ በቢሮ ደጅ ከርሞ የቢሮ ሰው ሆኗልና፣ ብድግ ብሎ ውክልናውን ከኪሱ አወጣ።

«እኔ ሕጋዊ ወኪላቸው ነኝ» አለና አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነክሮ ለስንሻው አጎረሰው። ስንሻው ፀጥ አለ፤ ጣቱን በሁለት እጁ ይዞ እስከ ጥፍሩ ሥር ላሰው። ሽማግሌዎቹ መረቁ።

«እንግዲህ ልጅህን ያሳድግልህ» አሉት አያ ፈንታ።

«የእኔ አይደለም እንጂ፣ የሚስተር ጳውሎስ ነው! እኔ ወኪል ነኝ አላልኩዎትም?»

«የማንን ጣት ነው የጠባው?»

«የእኔን፤ ግን…»

«ማር ውክልና አያውቅም፣ ልጄ» ብለው ጠላቸውን ጨለጡ።

አባቴ ደነገጠ። በማግስቱ ፈረንጆቹ በጭቃ ተለውሰው ሲደርሱ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ነበር የነገራቸው። ሚስተር ጳውሎስ ሳቀ፤ ማዳም ግን አልሳቀችም።

ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ላይ ወረቀቱ እውነትም አለቀ፤ የቀረው ሦስት ሽማግሌዎች ልጁ ወላጅም ዘመድም እንደሌለው ዳንግላ ቀርበው መማላቸው ብቻ ነበር። እኔ ስንሻውን አዝዬ ከአባቴና ከፈረንጆቹ ጋር ሄድኩ። እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ቀረች። ጸሐፊው «ማሉ» ሲላቸው ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። «በዓይኔ ያየሁትን ማር እንዴት አላየሁም ብዬ ልማል?» አሉ አያ ፈንታ። ጸሐፊው ግራ ተጋብቶ ወደ አባቴ ዞረ።

«አንተ ለዚህ ልጅ ምኑ ነህ?»

አባቴ ዓመቱን ሙሉ በዚያ ቢሮ «ወኪል ነኝ» ሲል የኖረ ሰው፣ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ፤ ውክልናውን ግን አላወጣም። ማዳምን አየ፣ ጀርባዬ ላይ ያለውን አየ።

«ልጄ ነው» አለ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ታመላልሰኛለህ?» ብሎ ጸሐፊው መዝገቡን ዘጋ። ያ ቢሮ በዕለቱ የጨረሰው ብቸኛ ጉዳያችን ይኸው ነበር። ማዳም አስተርጓሚ አላስፈለጋትም፤ ስንሻውን ከጀርባዬ አውርዳ አቅፋው ቆየችና፣ መልሳ አሳዝላኝ የአንቀልባውን ጠፍር በገዛ እጇ አሰረችልኝ። እያለቀሰች ነበር፤ እኔም ደስታዬን ይዤ አብሬያት አለቀስኩ። መንገዱ አልቆ አገራቸው ከገቡም በኋላ ለስንሻው በየዓመቱ ልብስ ትልክለት ነበር። ሁልጊዜም ይጠበው ነበር፤ በእሷ ዓይን ያ ሕፃን አላደገማ። አባቴም ይቀጥልበት ነበር።

ባለፈው ወር ለአባታችን ቤት ጉዳይ እኅትና ወንድም መሆናችንን የሚያስረዳ ወረቀት ፈልገን አንድ ቢሮ ሄድን። ዛሬ ጭቃም የጭነት መኪናም የለም፤ አንዲት ለግላጋ ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጣ «ኔትወርክ የለም፣ ነገ ኑ» ትላለች። ነገ ስንሄድም የለም። ስንሻው ሽበቱን እያከከ፣ ዱላውን እየወዘወዘ «አሁን ይኼ ምን ያስቅሻል?» ብሎ ተቆጣኝ። ያኔ ወረቀቱ ቶሎ አልቆ ቢሆን ኖሮ፣ አጠገቤ ተቀምጦ የሚነጫነጭ ወንድም አይኖረኝም ነበር።