ሦስተኛዋ ምት

ደሳለኝ የበደለኝ ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ በጥር፣ ሮብ ገበያ ከተማ፣ ሰርግ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እኔ ያደረግሁትን ግን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም።

ስምንት ዓመት እኔ ዘፈንኩ፣ እሱ ኦርጋን ተጫወተ። ትንፋሽ ሲያጥረኝ የኦርጋኑን ከበሮ ያሳሳልኛል፤ ሙሽራ ስትሸኝ ምቱን ጨርሶ አጥፍቶ ድምፄን ብቻውን ይተወዋል። ያን ቀን ግን ሳያማክረኝ ቁልፍ ተጭኖ ቃናውን ከፍ አደረገው። ድምፄ እምቢ አለኝ። እሱም በማይኩ «እትዬ ደክሟቸዋል፤ እስቲ ልጅቷ ትሞክረው» አለ። ልጅቷ፣ አዲሷ ተቀባያችን፣ ጥልፍ ቀሚሷን ለብሳ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ሰው ሳቀ።

የኦርጋኑን ምቶች በፍሎፒ ዲስክ ነበር የሚይዛቸው። ሌላው ምት ከማንም ይገለበጣል። አንዱ ግን የአባቱ ነው። ከበሮ መቺ ነበሩ፤ ሦስተኛዋን ምት ጥቂት ያዘገዩአታል፣ የሰው ትከሻ የሚነሳው እዚያች ላይ ነው። ሊሞቱ ሰሞን ኦርጋኑን አልጋቸው አጠገብ አቁሞ፣ እሳቸው በጣታቸው እየመቱለት፣ አንድ በአንድ አስገባው። እኔም እዚያው ነበርኩ። ምን ያህል እንደሚሳሳለት አላውቅም ነበር ልበል? አውቅ ነበር። ስለማውቅ ነው ያደረግሁት።

በሳምንቱ፣ ከልምምድ መሀል ምሳ ሊበላ ሲወጣ፣ ፍሎፒው ላይ ያለውን ሁሉ አጠፋሁት። ኦርጋኑ እርግጠኛ መሆኔን ጠየቀኝ። እኔ «አዎ» የሚለውን ተጫንኩ።

ቅጂ አልነበረውም። ስፒከር ላይ ባስቀምጠው ማግኔቱ አጠፋው ብሎ ራሱን ረገመ። እኔም ይሆናል አልኩ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ቤቴ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ አቀርቅሮ ተናገረ።

«እትዬ፣ ደጋግሜ ሞከርኩት። ያቺ ሦስተኛዋ ወይ ትቀድምብኛለች ወይ ጨርሳ ትቀርብኛለች። እርስዎ ያውቋታል። አንዴ ብቻ ያጨብጭቡልኝ።»

«ረስቼዋለሁ» አልኩት።

አልረሳሁትም። ማጥፋቴን በንዴት ላሳብብ እችል ይሆናል፤ ይህንንስ በምን አሳብባለሁ? እጄ ላይ ነበረ እኮ። ዛሬም ቅዳሴ ቆሜ ጣቴ በነጠላዬ ስር ያንኑ ይመታል፣ ሦስተኛዋም ትዘገያለች፤ ሽማግሌው አባቱ አጠገቤ የቆሙ ይመስለኛል። ስለዚያ ሳቅ ደሳለኝን አሁንም ይቅር አላልኩትም። እኔንም ማሩኝ አልልም።

ያን ቀን በሩን ዘጋሁበት። ከዚያ ወዲህ በማንም ሰርግ አላጨበጭብም።