በቆርቆሮው ወዲያና ወዲህ

ልብስ ሰፊው ቦጋለ ሚስቱን የፈታት ሳይጣላት ነው። ከቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ቁልቁል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጠባብ ቤቶች ነበሯቸው፤ በአንዱ ይኖራሉ፣ አንዱን ያከራያሉ። ደርግ ከአንድ ቤት በላይ ያለው ትርፉን ያስረክብ ብሎ ሲያውጅ፣ ባልና ሚስት ተመካከሩና “ተፋተናል” አሉ። አንድ ቤት ለእሱ፣ አንድ ቤት ለእሷ ሆነ። በመካከል የቆርቆሮ አጥር ቆመ።

“እስኪያልፍ ነው” አላት።

አላለፈም። የቀበሌ ዘበኛ ይዞራል፣ ጎረቤት ያያል፤ ውሸቱ ከወጣ ቤቱም ይወረሳል፣ እስርም አለ። ቦጋለ በገዛ ግቢው ታጥሮ ቀረ። ሚስቱ የሺ ከቆርቆሮው ወዲያ ስታነጥስ ይሰማታል፤ “ይማርሽ” ሊል አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል። ለእሱም የሚለው የለም። የሚያርፈው እሑድ ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወንዱም ሴቱም በየፊናው ስለሚቆም፣ እዚያ እንደ ማንኛውም ባልና ሚስት ናቸው።

ከሁሉ የከበደው ግን አጠራሯ ነበር። የሺ በትዳራቸው ዘመን ባሏን በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ “እርስዎ” ነበር የምትለው። አሁን ሰው እንዲያምን ብላ “አንተ ቦጋለ!” ትለዋለች። መጀመሪያ ሰሞን በሆዳቸው ይስቁ ነበር። እየቆየ ቦጋለ መሳቁን ተወ። ለይምሰል የተጀመረ ነገር መቼ እውነት እንደሚሆን ሰው በምን ያውቃል?

እንዲህ እያለ፣ ሚስቱ የሞተችበት የወፍጮ ቤቱ ደቻሳ ለየሺ ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የቀበሌው ሊቀ መንበር መዝገቡ ነው። የሺ ቤት ከተቀመጡ በኋላ፣ ወጉ አይጉደል ብለው ቦጋለን አስጠሩት።

“አቶ ቦጋለ” አለ መዝገቡ፤ ሽማግሌ ሆኖ መጥቷልና በዚያን ዕለት “ጓድ” አላለውም። “ነገ ኩርፊያ እንዳይመጣ ነው። ቅሬታ ካለዎት እዚሁ ይንገሩን።”

ቦጋለ የሺን አያት። የነጠላዋን ጫፍ ትቋጥራለች፣ ትፈታለች። ሚስቴ ናት እንዳይል ሊቀ መንበሩ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ዝም እንዳይል ሚስቱን ሊድሩበት ነው።

“እኔ... ምን ቅሬታ አለኝ” አለ።

የሺ ቀና አለች። “ሰማችሁልኝ? ድሮስ ከመርፌው ሌላ የሚሳሳለት ምን አለው! በል አንተ፣ ከጨረስክ ውጣልን!”

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ቦጋለ ተነሣ። ዓይኑን እንባ ጋርዶት የበሩን ጉበን አላየውም፤ ግንባሩን ጓ አደረገው።

“እኔን ይድፋኝ!” የሺ ዘላ ግንባሩን ያዘችው። “ተጎዱ እንዴ? ጎንበስ ይበሉ እያልኩዎት! መቼ ይሰሙኛል እርስዎ!”

የሺ እጇን ቶሎ አነሣች፤ ቃሉ ግን አምልጧት ወጥቷል። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጣሪያውን ማየት ያዘ።

“ወይዘሮ የሺ” አለ መዝገቡ ቀስ ብሎ፣ “የፈቱትን ሰው እንዲህ ነው የሚሉት?”

የሺ የነጠላዋን ጫፍ መልሳ ቋጠረች። ቦጋለ ግን ያቺን “እርስዎ” ሰምቷል። ከዚያ በኋላ “ቅሬታ የለኝም” የሚል አፍ ከየት ያምጣ?

“ሚስቴ ናት” አለ። “አልፈታኋትም። ቤቱን ውሰዱት። ማሰርም ካለባችሁ እኔን እሰሩ፤ ምክሩ የኔ ነው።”

ታሰረ፤ ግን አልቆየም። መዝገቡ ሽማግሌ ሆኖ የገባበትን ቤት ማፍረስ አሳፍሮት ሳይሆን አይቀርም። የቦጋለን ቤት ግን ቀበሌው ወረሰው፤ ሰው ቤት ተጠግቶ ይኖር ለነበረው ለደቻሳም ተሰጠ። ቆርቆሮውም የመንግሥት ንብረት ነው ተብሎ እንደቆመ ቀረ።

አንድ ቀን ቦጋለና የሺ ምሳ እየበሉ ከወዲያ በኩል ሰው አነጠሰ። ከዚያ ጸጥ አለ። ያንን ጸጥታ ቦጋለ ያውቀዋል፤ ጉርሻውን እንደያዘ ቆየ።

“ይማርዎ፣ አቶ ደቻሳ!” አለ ጮክ ብሎ።



“ያኑርዎ” አለ ደቻሳ በቆርቆሮው በኩል።