የይርገዱ መቀነት

የጎንደሩ ፎቶ አንሺ ቢሻው ማጅራቱን የታመመው በ1970 ዓ.ም. ነው። ድሮ ሥራው ሠርግና ጥምቀት ነበር፤ ቀሐ ወንዝ ወርዶ የተወሰነ ካነሳ በኋላ ከዛፍ ሥር ያርፋል። ደርግ መጣና ዕረፍት የሚባል ነገር ጠፋ፤ ሰልፍ በሰልፍ ላይ ሆነ። ያ ከባድ ካሜራ ከነረጅም ሌንሱ በቀጭን የቆዳ ማንገቻ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። እያደር አንገቱን ማዞር አቃተው፤ እጁም ይንቀጠቀጥ ጀመር።

መላውን ያመጣችው ሚስቱ ይርገዱ ናት። ሰፊ መቀነቷን ከወገቧ ፈታች፤ በትከሻውና በጀርባው አዙራ ካሜራውን አሰረችበት።

«አንገት ምን በወጣው? እኛ ልጅ የምናዝለው በጀርባ አይደል?» ብላ ሳቀችበት።

ቢሻውም ክርኑን ከጎድኑ ማጣበቅ፣ ግራ መዳፉን ከሌንሱ ሥር መደገፍ ለመደ። ሕመሙ ለቀቀው። ፎቶውም እንዲያ ጠርቶ አያውቅም፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የአንዱ ሰው ቅንድብ ይለያል። ቢሻው ደስ አለው፤ ሞኝ!

ጥራቱን ከእሱ ይልቅ የወደደው የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ አድማሴ ነበር። መፈክር ሲሰማ ሰልፈኛው ሁሉ ግራ እጁን ማንሳት አለበት፤ ቢሻው ፎቶ እንዲያነሳ የታዘዘውም ልክ ያን ጊዜ ነው። አንድ ቀን አድማሴ ፎቶው ውስጥ ባለች አንዲት ልጅ ፊት ላይ ጣቱን አሳረፈ።

«ይቺ እጇን ያላነሳችው ማን ናት?»

ቢሻው አላውቃትም አለ። ያውቃታል እንጂ፤ የይርገዱ የክርስትና ልጅ ጽጌሬዳ ናት። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ተወሰደች፤ በዚያው ቀረች።

ማልቀስም ያስጠይቅ ነበርና ይርገዱ ሆድ ይፍጀው አለች። ቢሻው መቀነቱን ፈትቶ ሳጥን ውስጥ ከተተና ወደ ቀጭኑ ማንገቻ ተመለሰ። ክርኑንም ከጎኑ አራቀ። ሕመሙ ተመልሶ መጣለት፤ የሚቀጥለው ሰልፍ ፎቶ ጭጋግ የዋጠው መስሎ ወጣ።

«ምነው ቢሻው?» አለ አድማሴ ፎቶውን እያገላበጠ።

«ማጅራቴ ነው ጓድ። ካሜራው ከበደኝ።»

«አይዞህ፣ መላ አይጠፋለትም።»

ሌላ ሰልፍ ተጠራ። ቢሻው አደባባዩ ዳር ቆሞ ሳለ አድማሴ መጣና ከኮቱ ኪስ መቀነቱን አወጣ።

«ከቤትህ መምጣቴ ነው» አለው። እንደ ወንድም ተጠንቅቆ ትከሻው ላይ አሰረለት። «ይርገዱንም ይዣት መጥቻለሁ። ከፊት አቁሜያታለሁ፤ አሳምረህ አንሳት።»

መፈክሩ ተሰማ፤ የሰልፈኛው ግራ እጅ ሁሉ ወደ ላይ ተነሳ። ቢሻው በካሜራው አሻግሮ ሚስቱን ፈለጋት። ሁለት እጆቿን ነጠላዋ ውስጥ ከታ፣ ቀና ብላ እሱን ታየዋለች።

እጁን ሊያንቀጠቅጥ ፈለገ። አድማሴ ግን ከኋላው ሆኖ ክርኑን ከጎድኑ ጋር አጣብቆ ይዞለታል፤ ካሜራው ንቅንቅ አላለም።

«አንሳ እንጂ» አለው።